ድምፅ የተሰጠው ልጅ ከቤት ሲወጣ

በዚህ ዐምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ጋብቻና ስለ ውርስ ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ዛሬ ግን አባቶቻችን የቤተሰብ ጉዳይ ይሆናል ብለው ያላሰቡትን ነገር እናነሣለን፤ ይኸውም የልጅ ዘፋኝነት ነው። ባለፉት ዓመታት በላሊበላ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የላስታ ቀበሌዎች፥ ቴሌቪዥን በገባበት ቤት ሁሉ፥ የድምፅ ውድድር ሲታይ ያመሻል። ባላገሩ አይዶልን ወይም ፋና ላምሮትን የማያውቅ ልጅ ብንፈልግ አናገኝም። ውድድሩም ያለቀ እንደሆነ ልጁ ከመደቡ ተነሥቶ «እኔስ ከዚህ ምን አንሳለሁ? አዲስ አበባ እሄዳለሁ» ይላል። እናት ምጣድዋን እያሰሰች ዝም ትላለች። አባት ግን «ከእኛ ዘር አዝማሪ ወጥቶ ያውቃልን?» ብሎ ነገሩን ይቈርጠዋል።

ይህን ክርክር በዘመድም በጎረቤትም ቤት ደጋግመን ሰምተነዋል። ልጁ የሚያየው ሽልማት የሚሰጥበትን አንዱን ሌሊት ነው፤ አባት የሚያየው ስድቡን ነው። ከሽልማቱ ሌሊት በኋላ ስለሚመጡት ሃያና ሠላሳ ዓመታት፥ ልጁንም ተቀብሎ ስለሚያስተምረውና ደመወዝ ስለሚቈርጥለት ቤት የሚጠይቅ ግን አላገኘንም። እኛ የምንጠይቀው ይህን ነው።

አስቀድመን ስለ ስድቡ እንናገር። አዝማሪ የሚለው ቃል ዘመረ ከሚለው የግእዝ ቃል የወጣ ነው። መዘምርም፥ መዝሙርም፥ ዝማሬም ከዚሁ ግንድ የበቀሉ ናቸው። እንግዲህ ከአንድ ግንድ ከበቀሉት ቅርንጫፎች አንዱን የምንሳለም፥ ሌላውን የምንረግጥ ስለ ምን ነው? በልደት በዓል በቤተ ማርያም ማሜ ጋራ በሚባለው የዓለት ቅጥር ላይ ካህናቱ ቆመው፥ ከሥርም ያሉት እየተቀበሉ ቤዛ ኵሉ ሲሉ፥ ከየአገሩ በእግሩ የመጣው ሕዝብ ዕንባውን ያፈሳል። ያ ድምፅ በአንድ ክረምት የተገኘ አይደለም። የድጓ ተማሪ ስንት ዓመት ከመምህሩ እግር ሥር እንደሚቀመጥ፥ ቁራሽ ሲለምን ከስንት ውሻ ጋር እንደሚታገል፥ ከዚያም ለማስመስከር ወደ ጋይንት፥ ወደ ቤተ ልሔም እንደሚሻገር፥ ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገ እንደሆነም ዙር አባ እንደሚወርድ፥ በቆሎ ትምህርት ቤት ያለፍን ሰዎች እናውቃለን። ለማኅሌት ይህን ያህል ዘመን የምንፈቅድ ሰዎች፥ ለዘፈን ሲሆን የሦስት ወር ውድድር ይበቃል ብለን ማመናችን ይገርማል።

ነገር ግን የአባትዮውን ፍርሃት በከንቱ አንናቅበት። የከተማችንን ስም ተሸክመው በየአገሩ የሚዞሩ ላሊበሎች የሚባሉ ዘፋኞች አሉ፤ ሐሚናም ይሏቸዋል። ጎሕ ሳይቀድ በሰው ደጅ ቆመው፥ ብዙ ጊዜም ባልና ሚስት እየተቀባበሉ፥ የባለቤቱን ስም እየጠሩ ያዜማሉ፤ የተሰጣቸውን ተቀብለው፥ መርቀው ይሄዳሉ። ዜማውን የተዉ እንደሆነ ሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል እየተባለ ስለሚነገር፥ ልጅ ከአባቱ ይወርሰዋል። (ሥጋ ደዌ ከተሕዋስያን የሚመጣ፥ በመድኃኒትም የሚድን በሽታ መሆኑን ሐኪሞች ካስረዱ ቈይተዋል፤ ወሬው ግን ከሐኪም ይልቅ ፈጣን ነው።) ከድምፃቸው መካከል ማንም መሪጌታ የማይንቀው ድምፅ አለ። እንጀራቸው ግን ከሰው ደጅ ነው። አባት ልጁን «አዝማሪ ትሆናለህን?» ብሎ ሲቈጣ፥ በእውነት የሚፈራው ዘፈኑን ሳይሆን ይህን ደጅ መጥናት ነው። ዘፋኝ የራሱ ቤት ከሌለው የሰው ደጅ መጥናቱ አይቀርምና።

በአገራችን ለዘፋኝ የራሱን ቤት የሠራለት ቴያትር ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎችን ፋቡላ ለመኳንንቱ ካሳዩበት ከ1910ዎቹ ዓመታት ወዲህ፥ ቴያትርና ዜማ በእኛ ዘንድ ተለያይተው አያውቁም። ዮፍታሔ ንጉሤ ከጎጃም የቅኔ ቤት የወጡ ሰው ስለ ነበሩ፥ ቴያትራቸውን በመዝሙር እያጀቡ፥ ተማሪዎችን እያስጠኑ ያሳዩ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ሴቲቱንም ሆኖ የሚጫወተው ወንድ ልጅ ነበር። በ1927 ዓ.ም የጣሊያን ጦርነት መቅረቡ በታወቀ ጊዜ፥ በአቶ መኮንን ሀብተ ወልድ አሳቢነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ፤ ሕዝቡን በንግግርና በዜማ ለማነሣሣት ነበር። ጠላት ከወጣ በኋላ ማኅበሩ የቴያትርና የዘፈን ቤት ሆነ። በ1948 ዓ.ም ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ 25ኛ ዓመት ሲከበር፥ ዛሬ ብሔራዊ ቴያትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር በመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተከፈተ።

በእነዚህ ቤቶች ውስጥ መሰንቆ መቺው፥ ክራር ደርዳሪው፥ እስክስታ ወራጁና ተዋናዩ በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። ዘፋኙ በቴያትር ይገባል፤ ተዋናይቱም ታዜማለች። የአርመን ተወላጅ የነበሩት ነርሲስ ናልባንዲያንን የመሰሉ መምህራን ዜማን በወረቀት መጻፍንና በኅብረት መጫወትን አስተማሩ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በወር መጨረሻ ደመወዝ መኖሩ ነው። መዝገብ ላይ ስሙ የተጻፈ፥ ፈርሞ የሚቀበል ዘፋኝ በኢትዮጵያ የተገኘው በእነዚህ ቤቶችና በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ጓዶች ነው። እኛ ጸሐፊዎች የመዝገብን ክብር ስለምናውቅ ይህን ነገር አቅልለን አናየውም።

የጥላሁን ገሠሠ ታሪክ ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ምስክር ነው። (ይህን ታላቅ ሰው አንቱ ሳንለው የምንጽፈው፥ ኢትዮጵያ ሁሉ እንደ ቤቱ ልጅ ስለሚያየው ነው።) በ1933 ዓ.ም መስከረም 17 ቀን በአዲስ አበባ ተወለደ። በልጅነቱ አያቱ ወደ ወሊሶ ወስደው ራስ ጎበና ትምህርት ቤት አስገቡት። አያትዮው የሚፈልጉት ቀለም እንዲቈጥር ነበር፤ ልጁ ግን ልቡ ከዜማ ጋር ነበረ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሼዳድ የሚባሉ ሱዳናዊ ስለ ነበሩ፥ ዝንባሌውን አይተው አደፋፈሩት። ከዕለታት አንድ ቀን የሀገር ፍቅር ተጫዋቾች፥ ወይዘሮ ንጋቷ ከልካይና ኢዮኤል ዮሐንስ ያሉባቸው፥ ወደ ወሊሶ መጥተው አሳዩ። ልጁ ቀርቦ ምኞቱን ለኢዮኤል ነገረ፤ ኢዮኤልም አዲስ አበባ ቢመጣ እንደሚሻለው መከሩት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ወላጆች በተለይ እንዲያነቡልን እንወዳለን። ልጁ ለአያቱ ሳይናገር በእግሩ ተነሣ። አያቱም ተከትለው ቱሉ ቦሎ ላይ፥ ከዘመድ ቤት አድሮ አገኙትና ወደ ወሊሶ መለሱት። በወሊሶ ግን ከአንድ ሌሊት የበለጠ አላደረም፤ ዕቃ በጫነ መኪና ውስጥ ተደብቆ እንደገና ወጣ። አያትዮው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ልጃቸው ከመንገድ እንዳይቀር የፈሩ ሰው ናቸው፤ ፍርሃታቸውም ተገቢ ነው፤ በጭነት መኪና ተደብቆ የሄደ ልጅ ሁሉ ጥላሁን አልሆነምና። ልዩነቱን ያመጣው ከመኪናው ሲወርድ የሚቀበለው ቤት መኖሩ ነው። ሀገር ፍቅር ቀጠረው። በዚያ ከታላላቆቹ ጋር ጥቂት ዓመታት ሠርቶ፥ ስሙ እየታወቀ ሲሄድ ወደ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ጓድ ተዛወረ። በ1953 ዓ.ም ታኅሣሥ የክብር ዘበኛ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ባደረገ ጊዜ እሱም ታስሮ ነበር። ከእስር ወጥቶም ቦታ አላጣም፤ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር ዘፍኗል። በ2001 ዓ.ም ሚያዝያ 11 ቀን፥ በትንሣኤ ዕለት ሲያርፍ፥ ቀብሩ በመንግሥት ደረጃ ተፈጸመ።

እንግዲህ ከወሊሶ እስከ መቃብሩ ያለውን ዘመን ብንቈጥር ከሃምሳ ዓመት በላይ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ውስጥ የተወዳደረበት ሌሊት የለም፤ የሠራባቸው ቤቶች ግን አሉ።

ስለ ሴቶች ልጆች ደግሞ ብንናገር፥ አስናቀች ወርቁን ማስታወስ ይገባናል። ወይዘሮ አስናቀች በመድረክ ላይ ሴትን ሆና የምትጫወት ሴት ገና ብርቅ በነበረችበት ዘመን ተዋናይት ሆኑ። ክራርንም እየደረደሩ ያዜሙ ስለ ነበር፥ ቴያትርና ዘፈን በአንድ ሰው እንዴት እንደሚዋሐዱ ያየነው በእሳቸው ነው። የዚያን ዘመን ሰው በማታ ቴያትራቸውን አጨብጭቦ አይቶ፥ በማግስቱ በመንገድ ሲያገኛቸው ስም ይሰጣቸው ነበር። ይህ ነገር ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ወንድ ልጁ ለውድድር ሲሄድ ስንቅ የሚቋጥር ቤተ ሰብ፥ ሴት ልጁ ስትጠይቅ በር የሚዘጋ እንደሆነ፥ የዚህን ምክንያት በዳኛ ፊት አስረዳ ቢባል የሚያስረዳ አይመስለንም። ወይዘሮ አስናቀች በ2004 ዓ.ም መጀመሪያ ዐርፈዋል፤ ስለ ሕይወታቸውም የተሠራ ፊልም አለ።

ወደ አገራችን ወደ ወሎ እንመለስ። ከታወቁት ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፥ አምባሰልና ባቲ፥ የወሎ አገር ስም ናቸው። በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ቡድን ይቋቋም ነበር፤ ከታች የተሻለው ወደ ላይ እየተመረጠ ይወጣል። መዝሙሩ አብዛኛውን ጊዜ ለመንግሥት ነበር፤ ብዙ ልጅም ሳይወድ ዘፍኗል፤ ይህን አንሸሽግም። ቢሆንም ከገጠር የወጣ ልጅ ወደ መድረክ የሚደርስበት መሰላል ነበረ። በደሴ «ወሎ ላሊበላ» ተብሎ የተጠራው የኪነት ቡድን፥ የከተማችንን ስም ከደጅ አውጥቶ መድረክ ላይ አቆመው። አምባሰልን በማዜም ወደር ያልተገኘላቸው ማሪቱ ለገሠ ከዚህ ቡድን የወጡ ናቸው። በ1980 ዓ.ም ደግሞ ከየክፍለ ሀገሩ የተውጣጡ ዘፋኞችና ተወዛዋዦች «ሕዝብ ለሕዝብ» በሚል ስም ወደ ውጭ አገር ተልከው፥ በ1977ቱ ረሀብ ጊዜ እጃቸውን የዘረጉልንን አሕዛብ አመሰገኑ። በዚያ ረሀብ ላስታና መላው ወሎ ምን እንዳየ ለሚያውቅ ሰው፥ ያ ጉዞ ከጨዋታ የበለጠ ነበር።

ያ መሰላል ከመንግሥቱ ጋር ፈረሰ። በቦታው የመጣው የቴሌቪዥን ውድድር ነው። ሥርዓቱ ከባሕር ማዶ የተወሰደ ነው፤ በእንግሊዝ በ1994 ዓ.ም መጀመሪያ ታይቶ፥ በዚያው ዓመት መጨረሻ አሜሪካ ገባና ዓለምን ሁሉ አዳረሰ፤ በእኛም አገር የኢትዮጵያ አይዶል፥ ከዚያም ባላገሩ አይዶል ተባለ። ውድድሩ መልካም ሥራ እንደ ሠራ መካድ አይገባም። ዘመድ የሌለውን ልጅ፥ አዲስ አበባን አይቶ የማያውቀውን፥ በዳኞች ፊት አቁሞ አሰምቷል። ከተማችን በ2013 ዓ.ም መጨረሻ ጦርነት ከገባባት ወዲህ የጎብኚው መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ቈይቷል፤ በአስጎብኚነት፥ በበቅሎና በእንግዳ ማረፊያ ይኖር የነበረው ወጣት ብዙው ባዶ እጁን ቀርቷል። እንዲህ ያለው ልጅ ድምፁን ተስፋ ቢያደርግ አንፈርድበትም።

ነገር ግን የባላገሩ አይዶልን የመጀመሪያ አሸናፊ ዳዊት ጽጌን ተመልከቱ። ድምፁ የተመሰከረለት፥ ሕዝብ የወደደው ልጅ ነው። «የኔ ዜማ» የተባለው አልበሙ የወጣው ግን በ2012 ዓ.ም፥ ካሸነፈ ከዓመታት በኋላ ነው። አልበሙ ሲወጣ ሕዝቡ በደስታ ተቀበለው፤ ስለዚህ መቈየቱ በከንቱ አልነበረም። ዜማና ግጥም ማሰባሰብ፥ መለማመድ፥ መቅረጽ፥ ጊዜ የሚበላ ሥራ ነው። እኛ የምንለው፥ አንደኛ የወጣው ይህን ያህል ከጠበቀ፥ አምስተኛና ስምንተኛ የወጣው ልጅ በዚያን ጊዜ ምን በልቶ፥ የት አድሮ ይጠብቃል ነው። ትናንት ቴያትር ቤቱ ይሰጠው የነበረውን ደመወዝና መምህር ዛሬ የሚሰጠው ማነው?

በአሜሪካ በ1996 ዓ.ም በተደረገው ውድድር የሆነው ነገር ለዚህ ጥያቄ ግማሽ መልስ ይሰጣል። በዚያ ዓመት ያሸነፈችው ፋንቴዥያ ባሪኖ የምትባል፥ ከሰሜን ካሮላይና የመጣች፥ በቤተ ክርስቲያን መዝሙር ያደገች ልጅ ናት። በ17 ዓመትዋ ልጅ ወልዳ ብቻዋን የምታሳድግ ነበረች። አሸንፋ ያወጣችው የመጀመሪያው ዘፈን ገና በገባበት ሳምንት በአገሩ የዘፈኖች ዝርዝር አንደኛ ሆነ። በዚያው ውድድር ጄኒፈር ሐድሰን የምትባል ሌላ ልጅ ሰባተኛ ሆና ተሰናበተች። በ1999 ዓ.ም ግን የሰባተኛይቱ ልጅ ስለ ሦስት ዘፋኞች በተሠራው «ድሪምገርልስ» በተባለ ሙዚቃዊ ፊልም ላይ ተጫውታ፥ በፊልም ዓለም ከሁሉ የከበረውን ኦስካርን ተሸለመች። አሸናፊይቱም በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ ብሮድዌይ በሚባለው የቴያትር ሰፈር፥ «ዘ ከለር ፐርፕል» በተባለው ቴያትር ዋናይቱን ሴት ሴሊን ሆና ገባች። ይህ ቴያትር ከአሊስ ዎከር መጽሐፍ የተወሰደ ሲሆን፥ ንግግሩ በዘፈን የሚቀጥል ነው። በ2008 ዓ.ም ጄኒፈርም በዚሁ ቴያትር በሌላ ሴት ስም ተጫውታለች። ያሸነፈችውንም የተሸነፈችውንም የተቀበላቸው፥ ከዘፈን በላይ እንዲሠሩ ያስገደዳቸውም፥ ቴያትር ሆነ።

ስለ ፋንቴዥያ አንድ ነገር እንጨምር፤ ከሁሉ ይልቅ እኛን የነካን ይህ ነውና። በ1998 ዓ.ም ባሳተመችው የሕይወት ታሪክ፥ ማንበብ እንደ ልብዋ እንደማትችል፥ ያላነበበቻቸውንም ውሎች እንደ ፈረመች ለሕዝብ ገለጸች። በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ የመረጣት ልጅ፥ ከፊትዋ የተዘረጋውን ወረቀት አታነብም ነበር። በቴያትሩ የምትሆናት ሴሊ ደግሞ እኅትዋ ፊደል የምታስተምራት ድኻ ልጅ ናት። የብሮድዌይ ሥራ በሳምንት ስምንት ጊዜ መጫወትን የሚጠይቅ ስለ ሆነ ድምፅዋ ታመመ፤ ብዙ ቀንም ሳትገባ ቀረች። ሆኖም ትምህርትዋንም ሥራዋንም አልተወችም፤ በ2016 ዓ.ም ያው ታሪክ እንደገና ፊልም ሆኖ ሲወጣ ሴሊን ሆና የተጫወተችው እርስዋ ናት።

ይህን በምናስብበት ጊዜ፥ በሥራችን ምክንያት በየዕለቱ የምናየው ነገር ትዝ ይለናል። ሰው በሬ ሲሸጥ ጥርሱን ቈጥሮ፥ ሸኾናውን አይቶ፥ ሦስት ሽማግሌ አስቀምጦ ይሸጣል። ያው ሰው ለልጁ የመጣ ውል የሆነ እንደሆነ፥ «የት ልፈርም?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ከጥቂት ጊዜ በፊት ከአንድ የገጠር ቀበሌ የመጡ አባት ወደ ጽሕፈት ቤታችን ገብተው፥ ልጃቸው ዘፈን ለሚያሳትም ሰው የፈረመችውን አንድ ቅጠል ወረቀት እንድናነብላቸው ለመኑን። አነበብንላቸው። የዘመን ገደብ የለውም፤ የገንዘብ ልክ አልተጻፈበትም፤ «ወደ ፊት የምትዘፍነውን ሁሉ» የሚል ቃል ግን በመካከሉ አለ። የልጅቱን ዕድሜ ጠየቅን፤ 16 ዓመትዋ ነበር። አባትዮው ጥቂት ዝም ብለው፥ «እንግዲያ ልጄን አሳልፌ ሰጥቻለሁን?» አሉ።

አልሰጡም። ሕጉ የሚለውን እዚህ ላይ እንጽፈዋለን፤ ቈርጦ የሚያኖረው ሰው አይጠፋምና። በክልላችን የቤተሰብ ሕግ፥ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፥ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ አካለ መጠን አላደረሰም፤ ስለዚህ ብቻውን የፈረመው እንዲህ ያለ ውል በዳኛ ፊት ሊፈርስ ይችላል፤ ስለ እሱ የሚዋዋለው ሞግዚቱ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ለደራሲውና ለዜማ ደራሲው ብቻ ሳይሆን፥ ለዘፋኙና በመድረክ ለሚጫወተውም ሰው መብት ሰጥቶታል፤ የዘፋኙ መብት ዘፈኑ ከተቀረጸ ጀምሮ 50 ዓመት ይጠበቃል። ይህ የገንዘብ መብት ለሌላ የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል ደግሞ፥ በ1952 ዓ.ም በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፥ ተዋዋዮቹ የፈረሙበትና በሁለት ምስክሮች ፊት የተረጋገጠ መሆን አለበት። እንግዲህ በቡና ቤት ጠረጴዛ ላይ፥ ምስክር ሳይኖር፥ በችኮላ የተፈረመ ቅጠል ብዙ ጊዜ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም፤ የሚያስፈራው ለማንም ሳያሳዩ በሣጥን መቈለፍ ነው።

ውሉ በሕግ የጸና ቢሆን እንኳ መጠየቅ ያለበት አለ። ለስንት ዓመት ነው? ለስንት ዘፈን ነው? ዘፈኑ በስልክና በኢንተርኔት ሲሰማ ከሚገኘው ገንዘብ ለልጁ የሚደርሰው ስንት ነው? ሒሳቡንስ ማን፥ በስንት ወር ያሳያል? ልጁ በቴያትር ቤት ወይም በባህል ቡድን ለመሥራት ቢፈልግ ያ ሰው ይከለክለዋልን? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ የሚጠይቅ አላየንም፤ እኛ ግን ከሁሉ አስቀድመን የምንጠይቀው እሱን ነበር። ለአንድ ዘፈን አሳታሚ ብቻ ታስሮ፥ ከመድረክና ከመምህር የተከለከለ ዘፋኝ፥ ከላሊበሎቹ የሚለየው በቀን መዝፈኑ ብቻ ነው።

ስለ ዕድሜ ደግሞ አንድ ነገር ቀርቶናል። የወንድ ልጅ ድምፅ በ13ና በ14 ዓመት ግድም ይሰበራል፤ ከዚያም ሲረጋ ሌላ ድምፅ ይሆናል። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ጎረቤትን ሁሉ ያስደነቀ ልጅ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ያው ድምፅ ላይኖረው ይችላል፤ የዜማ መምህራን ይህን ስለሚያውቁ በዚህ ጊዜ ልጁን ከፍ ባለ ድምፅ አያስጮኹትም። ስለዚህ ገና ድምፁ ላልረጋ ልጅ ትምህርቱን አስትቶ ወደ ውድድር መስደድ፥ ያልበሰለ ገብስ ማጨድ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እስኪደርስ ክራር ወይም መሰንቆ የሚያስተምረው ሰው ይፈለግለት፤ በትምህርት ቤቱ የሙዚቃና የቴያትር ክበብ ካለ ይግባ፤ ከሌለም አባት ርእሰ መምህሩን ሄዶ ያነጋግር። በላሊበላ ከተማ መሰንቆ የሚያውቅ ሰው ለማግኘት ከአንድ ማታ ጉዞ የበለጠ አያስፈልግም፤ የጠጅ ቤቱ በር ሲከፈት ድምፁ እስከ አደባባይ ይሰማል። አባትዮው ለመግባት ያፈሩ እንደሆነ፥ መሰንቆ መቺው በጠዋት ቤቱ ስለሚገኝ፥ በዚያ ሊያነጋግሩት ይችላሉ።